የሙሽራ እቅፍ አበባ፦ ናቹራል ወይስ አርቴፊሻል? ስድስት ሳምንት ነው የቀረኝ

ሙሽሪት_ልሆን_ነው

ሰላም ለሁላችሁ። ለሰርጌ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ሌላው ነገር ሁሉ መልክ ይዟል፣ መወሰን ያቃተኝ የምይዘው እቅፍ አበባ ብቻ ነው።

ቬሎዬን ለብሼ የምወጣው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው፤ አበባውን ከእጄ የማስቀምጠው ማታ 1 ሰዓት ገደማ። ሥነ ሥርዓቱ ደጅ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ልቤ የወደደው ፒዮኒ ነው፣ ያ ጥቅጥቅ ብሎ የሚፈካው ትልቅ አበባ። ሰርጌ በሚውልበት ወር ግን ወቅቱ አልፏል አሉኝ። ስለዚህ አንድ አርቴፊሻል ፒዮኒ ለናሙና ገዛሁ። በእውነት ያምራል። እናቴ ተቀበለችኝና አገላብጣ አየችው፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችው። ቆየት ብላ «ምንም አይሸትም እኮ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከዚያ ወዲህ አበባውን ባየሁት ቁጥር ፊቷ ይመጣብኛል።

በዚያ ላይ እጮኛዬ የአበባ ብናኝ አይስማማውም፤ ያስነጥሰዋል፣ ዓይኑ ይቀላል። እኔ ደግሞ እቅፉን ለዘለቄታው ማስቀመጥ እመኛለሁ።

ሁለቱንም ወይም አንዱን በእጃችሁ ይዛችሁ የዋላችሁ፣ እባካችሁ የሆነውን እንደሆነ ንገሩኝ። ምስል ብዙ አይቻለሁ፤ የምፈልገው ቀኑ እንዴት እንዳለፈ ማወቅ ነው።

አበባ_አሳሪዋ

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። 14 ዓመት አበባ አስሬያለሁ፣ ሁለቱንም እሠራለሁ። ሙሽራ ስትመጣ መጀመሪያ የምጠይቃት «አበባሽ ስንት ሰዓት ያለ ውሃ ይውላል?» ብዬ ነው። ያንቺ 10 ሰዓት ነው፣ ያውም ፀሐይ ላይ። ይህን የማይችል አበባ አለ፣ ምንም የማይመስለውም አለ።

ሃይድራንጃ አይችለውም። ጋርዴኒያ ጣት ያረፈበት ቦታ ሁሉ ቡናማ ይሆናል። ካርኔሽን፣ ክሪሳንተመም፣ አልስትሮሜሪያና ኦርኪድ ግን ችለው ያመሻሉ። ጽጌረዳ መሃል ላይ ናት፦ ውሃ ጠግባ ከወጣች ቀኑን ትወጣዋለች፣ ተጠምታ ከወጣች እኩለ ቀን ላይ አንገቷን ትደፋለች።

ሰው ሁሉ በአበባው ያማርራል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዋዜማው በፊት የተሠራ ነው። ጽጌረዳ ከሰርጉ 2 ቀን ቀደም ብላ መግባት አለባት። ዘንጓ ከታች 2 ሳንቲሜትር ያህል በስለታም ቢላ አግድም ሳይሆን ሰያፍ ይቆረጣል። ውሃ ውስጥ የሚገባው ቅጠል ሁሉ ተለቅሞ ይጣላል፤ ካልተለቀመ ይበሰብሳል፣ ባክቴሪያው የዘንጉን ቧንቧ ይደፍነዋል፣ አበባዋም ባልዲ ሙሉ ውሃ ውስጥ ቆማ በጥም ትሞታለች። ከዚያ ቀዝቀዝ ያለ ጨለማ ቦታ ቢያንስ አንድ ሌሊት ማደር አለባት።

የአበባ ማቀዝቀዣ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ነው የሚሠራው። ኦርኪድና አንቱሪየም የሞቃት አገር ተክሎች ስለሆኑ እዚያ ውስጥ ካደሩ ይጠቁራሉ። በቤት ፍሪጅ አሳድራለሁ ካልሽ ደግሞ ፍራፍሬውን አስቀድመሽ አውጪ። የበሰለ ሙዝና ፖም ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ፤ ካርኔሽን እሱ ከነካት ወደ ውስጥ ተጠቅልላ ትተኛለች፣ ዳግም አትነሳም።

ስለ ፒዮኒ የነገሩሽ ልክ ነው፣ ወቅቱ አጭር ነው። በመልክ የሚቀርበው ድርብርብ የአትክልት ጽጌረዳ ነው፣ ወይም ሊሲያንተስ።

አምና_የተሞሸረች

እኔ አርቴፊሻል ነበር የያዝኩት፣ አልተጸጸትኩም። ከሰርጌ ሁለት ወር በፊት ተሠርቶ አልቆ ሳጥኑ ውስጥ ነበር። ዋዜማው ላይ ሁሉም ነገር በእኔው ትከሻ ላይ ነበር፣ የሚሯሯጥልኝ ሰው አልነበረኝም፤ ስለ አበባዬ ግን አንዴም አላሰብኩም። ለእኔ ይህ ብቻውን ብዙ ነው። ቀላል ነው፣ ክንድ አያዝልም፣ ቬሎ ላይ ውሃ አያንጠባጥብም።

የገጠመኝ አንድ ነገር ነው፦ መያዣው ሽቦ ስለነበር ከሪባኑ ስር አንድ ጫፍ አፈትልኮ የጓንቴን ዳንቴል ቀደደው። ስትረከቢ መያዣውን በሁለት እጅሽ አጥብቀሽ ጨምቂው። የሚወጋ ነገር ካለ ያኔውኑ ታገኚዋለሽ።

ነጭ_ጽጌ

አበባ_አሳሪዋ ስለ ሃይድራንጃ ያለችው በእኔ ደርሷል። ሰማያዊ ሃይድራንጃ፣ ሲሰጡኝ የሰማይ ቁራጭ ይመስል ነበር። የያዝኩት ጠዋት 4 ሰዓት ነው፤ 7 ሰዓት ላይ እንደ ረጠበ ወረቀት ሆኖ ተጣጥፎ ወረደ። አለቀስኩ። የሚዜዬ እናት ነበሩ ያዳኑኝ፤ እቅፉን ተቀብለው አናቱን ገልብጠው ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ዘፈቁት። ሃይድራንጃ በአበባው በኩልም ውሃ ይጠጣል ለካ። ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ቀና አለ። የሥነ ሥርዓቱ ፎቶዎች ላይ ያለው ግን የወደቀው ነው። ያዘጋጀልኝ ሰው «ይህ አበባ ሙቀት አይችልም» ብሎ አንድ ቃል ቢነግረኝ ሌላ እመርጥ ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ዛሬ ምረጪ ብባል ግን አሁንም ናቹራል ነው የምይዘው። ያን ቀን ጠዋት እቅፉን ስቀበል እጄ ላይ ያረፈው ቅዝቃዜ፣ የእርጥብ ዘንጉ ሽታ… ዝናብ ካባራ በኋላ ደጅ ስወጣ ያ ጠዋት ተመልሶ ይመጣብኛል።

ከሌንሱ_ጀርባ

ፎቶ አንሺ ነኝ። ከሩቅ ሳነሳ ልዩነቱን እኔም አልለየውም። ቀረብ ሲባል አርቴፊሻሉን የሚያጋልጠው አበባው አይደለም፣ አረንጓዴ ቅጠሉ ነው። የፕላስቲክ ቅጠል ፍላሽ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ነው፣ ከፊቱም ከጀርባውም። ሌላው መደጋገሙ ነው። ከአንድ ቅርጽ የወጡ 12 አበቦች ተደርድረው ሲታዩ ዓይን ወዲያው ይነቃል። ሙሉ የፈካ፣ ገና የተከፈተ፣ እንቡጥ፣ እንዲህ እየተቀላቀለ ቢታሰር ያ ይጠፋል። ነጭ ከመረጥሽ ደግሞ ከቬሎሽ ቁራጭ ጨርቅ ጋር ፀሐይ ላይ አስተያዪው። ብዙ ነጭ ፖሊስተር ደጅ ሲወጣ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ክሬም ቬሎ አጠገቡ ያደፈ ይመስላል።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ልጨምር። እቅፉን እምብርትሽ አካባቢ ያዢው። ሙሽሮች ሲጨንቃቸው ወደ ደረት ያነሱታል፤ የቬሎው ጥልፍ ይሸፈናል፣ ትከሻም ይሰቀላል። እቅፉ ከባድ ሲሆን ይብሳል፣ ስለዚህ ክብደቱን ቀድመሽ ሞክሪው። ከእጅሽ ስታወጪው የሚረከብሽ አንድ ሰው መድቢ፣ አንድ ብቻ። ኋላ ንግሥት የሆነችው የእንግሊዟ ኤልሳቤጥ እ.ኤ.አ. በ1947 ስትሞሸር እንኳ እቅፏ ለፎቶ ሲፈለግ ጠፍቶ፣ በጫጉላው ጊዜ ሌላ ተሠርቶ እንደገና ለብሰው ተነስተዋል።

ሙሽሪት_ልሆን_ነው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነጭ_ጽጌ፣ ታሪክሽን ለእናቴ አነበብኩላት፤ «አየሽ፣ እሷም ናቹራል ነው ያለችው» አለችኝ። ስለ ማስነጠሱስ የሚያውቅ አለ? እጮኛዬ ራሱ «ለአንድ ቀን እችለዋለሁ» ይላል፣ እኔ ግን በዕለቱ ዓይኑ አብጦ እንዲቆም አልፈልግም።

ብናኝ_የማይስማማኝ

ከእጮኛሽ ጋር አንድ ዓይነት ነን፣ ስለዚህ ከራሴ ልናገር። በነፋስ እየተነሳ የሚያስቸግረን ብናኝ በአብዛኛው የሣርና የዛፍ ነው። በንብና በቢራቢሮ የሚራቡት አበቦች ብናኛቸው ከባድና የሚጣበቅ ስለሆነ ብዙ አይበርም። ድርብርብ ጽጌረዳ አጠገቤ ቢውል ምንም አልሆንም። የሱፍ አበባ፣ ዴዚና ክሪሳንተመም ግን አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ እነሱ ይነሱብኛል። ሊሊ ደግሞ ሽታዋ ራሱ ጭንቅላቴን ይይዘኛል።

በነገራችን ላይ ሊሊ የምትገባ ከሆነ መሃሏ ላይ ያሉት ብናኝ ተሸካሚዎች ገና ሳይፈነዱ ተነቅለው መውጣት አለባቸው። ቬሎ ላይ ከወደቀ ብርቱካናማ ሆኖ ይቀራል። በውሃ አትሹት፣ በእጅ አትጥረጉት፤ በፕላስተር እየለጠፉ ማንሳት ነው።

አርቴፊሻልም ለእኛ ሁልጊዜ ሰላም አይደለም። መጋዘን የከረመ አበባ አቧራ ይይዛል፣ አቧራ ደግሞ ከብናኝ አይተናነስም። የምትመርጡትን ቤት አስገቡና አንድ ማታ አጠገቡ ይቀመጥ። ብርቱ ከሆነበት ሐኪሙን ከአሁኑ ያማክር፣ የሰርጉ ጠዋት አዲስ መድኃኒት አይሞከርም።

አረንጓዴ_ልብ

ማንም ስላላነሳው እኔ ላንሳው። አርቴፊሻል አበባ ፖሊስተር፣ ፕላስቲክ፣ ሽቦና ሙጫ አንድ ላይ ተጣብቆ የተሠራ ነው፤ ለይቶ መልሶ መጠቀም በጣም ያስቸግራል። ለአንድ ቀን ተይዞ አፈር ውስጥ ከልጅ ልጆቻችን በላይ ይቆያል። ናቹራሉ ደርቆ ይበሰብሳል፣ አፈሩን ያዳብራል። እባክሽ ይህንንም አስቢበት።

አምና_የተሞሸረች

ሐሳብሽን አከብራለሁ፣ ግን ናቹራሉም ብዙ ጊዜ ከሌላ አህጉር በአውሮፕላን ተጭኖ፣ መንገዱን ሁሉ ሲቀዘቅዝ የመጣ ነው። የእኔን እቅፍ ከእኔ በኋላ ታናሽ እህቴና አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ይዘውታል። የቀየሩት ሪባኑን ብቻ ነው። ሦስት ሰርግ የዋለ አበባ ለአንድ ቀን የተገዛ አይባልም።

አበባ_አሳሪዋ

ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። እኔ የምጨምረው አንድ ያልተነሳ ነገር ነው፦ ናቹራል አበባ የሚሰካበት አረንጓዴ ስፖንጅ። እሱ ራሱ ፕላስቲክ ነው፤ አይበሰብስም፣ እየተፈረፈረ ደቃቅ ሆኖ ውሃ ውስጥ ይገባል። የእጅ እቅፍ ደግሞ ስፖንጅ ጭራሽ አያስፈልገውም። ዘንጎቹን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ጋደል እያደረግን፣ አንዱን በአንዱ ላይ እያዞርን በገመድ እናስረዋለን። በደንብ የታሰረ እቅፍ ጠረጴዛ ላይ ስታቆሚው በዘንጎቹ ብቻ ይቆማል።

የልጅ_ልጅ_ያየሁ

ልጄ፣ እኔ ከ38 ዓመት በፊት የተዳርኩት የጨርቅ አበባ ይዤ ነው። በዚያ ወር ትኩስ አበባ አልተገኘም። አክስቴ ከቬሎዬ የተረፈውን ቁራጭ ጨርቅ እየቆረጠች፣ ጠርዙን ሻማ ላይ እያሳለፈች እንዳይተረተር አድርጋ፣ ሌሊት ሌሊት ሰፍታ 9 አበባ ሠራችልኝ። ዛሬ ቢጫ ሆኗል። አክስቴም የለችም። ሣጥኑን ስከፍት የማየው አበባውን አይደለም፣ ስፌቷን ነው፤ አንደኛው አበባ ላይ ክሩ ቢያልቅባት በሌላ ቀለም ጨርሳዋለች። ስለዚህ «አርቴፊሻል ነፍስ የለውም» ሲባል አልስማማም። ማን እንደሠራው ይጠየቅ።

ልጄ ደግሞ ናቹራል ያዘች። እሱንም አስቀምጬላታለሁ። የሰርጉ ማግስት ጠዋት፣ ገና ሳይጠወልግ፣ ፈትቼ በትንንሹ አስሬ ጨለማና ነፋሻ ክፍል ውስጥ ዘቅዝቄ ሰቀልኩት፤ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ቀዩ ጽጌረዳ ወደ ጥቁር አድልቷል፣ ነጩ የአሮጌ ወረቀት ቀለም ሆኗል። ቅርጹ እንዲጠበቅላችሁ ከፈለጋችሁ ሲሊካ ጄል የሚባለው እርጥበት መጣጭ ዱቄት ውስጥ መቅበር ይሻላል፣ ጥቂት ቀን ይበቃዋል። ሦስት ቀን አስቀምጦ ከደረቀ በኋላ «እንዴት ላድነው» ማለት ግን አይሆንም። ይህን ሥራ ለማን እንደምትሰጪ ከሰርጉ በፊት ወስኚ፤ ሙሽራ በማግስቱ አበባ አታስታውስም።

ድሮን_ወዳድ

እማማ፣ ስለ አክስትዎ የጻፉት ልቤን ነካው። ከእርስዎም በፊት ብዙ ሙሽሮች እንዲሁ አድርገዋል። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1840 ልዑል አልበርትን ስታገባ የብርቱካን አበባ አክሊል ደፍታ ነበር። ከዚያ ወዲህ የብርቱካን አበባ የሙሽራ ምልክትነቱ ይበልጥ ገነነ፤ ትኩሱን ያላገኙት ከሰም የተሠራውን ያደርጉ ነበር። ያኔ ማንም አላፈረበትም።

ሙሽሪት፣ ለእናትሽ ወገን ደግሞ ይህን ንገሪልኝ። ሚርትል የሚባል ቁጥቋጦ አለ፣ በመጽሐፍ ቅዱሳችን ባርሰነት የተባለው። እ.ኤ.አ. በ1947 የኤልሳቤጥ እቅፍ ውስጥ ነበር፤ ከዚያ ከተገኘው ተክል የተቆረጠ ቅርንጫፍ፣ ከ64 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2011 የልጅ ልጇን ልዑል ዊልያምን ያገባችው ኬት ስትሞሸር እቅፏ ውስጥ ገብቷል። ከፕላስቲክ በላይ የቆየ ናቹራል ማለት ይህ ነው።

አበባ_አሳሪዋ

ድሮን_ወዳድ የጻፈውን ሳነብ አንድ ነገር መጣልኝ። ሙሽሪት፣ ፒዮኒውን አርቴፊሻል አድርጊው፤ ወቅቱ ካለፈ ሌላ መንገድ የለም። አረንጓዴውን ግን በሙሉ ናቹራል አድርጊው። ሮዝመሪ አስገቢበት፤ ያለ ውሃ ቀኑን ሙሉ ይውላል፣ ቅጠሉ በተነካ ቁጥር ይሸታል። ፎቶ አንሺው የሚፈራው የሚያብለጨልጭ ቅጠልም አይኖርም። ከሰርጉ በኋላ ቅርንጫፉን ውሃ ውስጥ ብታቆሚው ሥር ያወጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አርቴፊሻሉ አስቀድሞ ላላ ብሎ ይታሰራል። ሰርጉ ጠዋት ሮዝመሪው ከባልዲ ወጥቶ ዘንጉ በጨርቅ ደርቆ በመሃል በመሃሉ ይገባል፣ ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ ተጠብቆ ይታሰርና ሪባን ይጠመጠምበታል። ሪባኑን የሚይዘው ስፒል ከታች ወደ ላይ፣ ወደ ዘንጎቹ ገባ ብሎ ይሰካ፣ ወደ መዳፍ እንዳይዞር።

ፒዮኒውን ከመግዛትሽ በፊት ግን ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ አበባውን እሺው። ቀለም ከለቀቀ በዚያ ሙቀት በላብሽ ቬሎሽ ላይ ይለቃል። በሙቅ ሙጫ የተጣበቀውን ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አትተዪው፤ ሙጫው ይለሰልስና አበባው ከዘንጉ ይወልቃል። ከሳጥን ሲወጣ ተጨፍልቆ ከሆነ በማንቆርቆሪያ እንፋሎት ላይ ከፍ አድርገሽ ያዢውና በጣትሽ ቅርጹን መልሺለት፤ ጨርቅ ከሆነ ይታዘዝልሻል።

ሙሽሪት_ልሆን_ነው

ይህን እናቴ ፊት ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ሮዝመሪውን እኔ አመጣለሁ» ብላ ተነሳች። ተወሰነ ማለት ነው።

የጨርቁን ሙከራ አደረግሁ፤ የመጀመሪያው ናሙና ሮዝ ቀለም ለቀቀ! ሌላ አገኘሁ፣ እሱ ንጹህ ነው። እጮኛዬም ሮዝመሪ አጠገብ አንድ ማታ ተቀምጦ ደህና አደረ። የደረት አበባውን ሙሉ በሙሉ አርቴፊሻል አደረግንለት፤ ሰው ሁሉ እያቀፈው ትኩሱ እንደማይተርፍ ገባኝ።

ሙሽሪት_ልሆን_ነው

ስሙ ይቀየርልኝ፣ ሆኗል። ዛሬ አንድ ወር ሞላኝ፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

ጠዋት እቅፉን ያሠረችልኝ እናቴ ናት። አሳሪዋ እንዳለችው ዘንጉን አንድ በአንድ በጨርቅ አደረቀችው፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ። ስትሰጠኝ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፤ ምንም አላለችም፣ ሪባኑን አስተካከለችልኝ። ፀሐዩ ከጠበቅነው በላይ ነበር፣ አንድም ነገር አልወደቀም። 9 ሰዓት ላይ የሮዝመሪው ጫፍ ትንሽ ለስለስ ብሎ ነበር፣ በፎቶ አይታይም። ክብደቱ ከጠበቅሁት በላይ ስለነበር ግን ክንዴ ዝሏል፤ ሁለት ፒዮኒ ብቀንስ ይሻል ነበር። ሚዜዬ ስንጨፍር እቅፉን ተረክባ ከእጇ አላወጣችውም።

ፒዮኒዎቹ አሁን ፀሐይ የማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ናቸው፣ ቀለማቸው እንዳይለቅ። ሮዝመሪውን በማግስቱ ላወጣው ስሄድ አልነበረም። እናቴ ከሁሉም ለጋ ለጋውን መርጣ፣ የታችኛውን ቅጠል ለቅማ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አቁማዋለች፤ በየሁለት ቀኑ ውሃውን ትቀይራለች። ትናንት ደውላ «ነይና እዪ» አለችኝ። ሦስት ሥር አውጥቷል፣ ነጭ፣ እንደ ክር የቀጠነ።

የልጅ_ልጅ_ያየሁ

እልልል! እንኳን ደስ ያላችሁ ልጄ። እናትሽን ጣት ጫፍ እስኪያህል ይቆይ በያት፣ ከዚያ ውሃ የማይቋጥር አፈር ውስጥ ታዛውረው። ሮዝመሪ እግሩ ሲረጥብ አይወድም።